ጠገራ፣ ቴምብር እና የጎን ገቢ

የቀን ሥራዬ ሒሳብ ነው። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ደረሰኝ አገላብጣለሁ፣ ታክስ እሠራለሁ፣ ወር ሲደርስ የሠራተኛ ደመወዝ አዘጋጃለሁ። ከዚያ ውጪ ባለኝ ጊዜ አሮጌ ሳንቲም፣ የተሻረ የብር ኖት፣ ቴምብርና የድሮ ደብዳቤ ፖስታ እገዛለሁ፤ እሸጣለሁ። ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "ያዋጣል?"

ያዋጣል። ግን ብዙ ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያስበው ከማያውቅ በርካሽ ገዝቶ ለሚያውቅ በውድ መሸጥ ነው። እንደዚያ የሚሠሩ አሉ። እኔ ከጊዜ ብዛት አምኜ የያዝኩት ሌላ ነው። የእኔ ትርፍ መምጣት ያለበት ዕቃውን ከሚወደው ሰው ጋር ከማገናኘቴ ነው፤ ሻጩ ካለማወቁ መምጣት የለበትም። ይህን የምለው ጥሩ ሰው ለመባል አይደለም። ሥራው እስከ ዛሬ የቆመልኝ በዚህ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዝተኛ የሆነ ሁሉ ያንን ክረምት ያስታውሰዋል። ደመወዛችን ባለበት ቆሞ ዘይቱም ኪራዩም ጥሎን ሄደ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ መኪና ያለው ራይድ ገባ፣ ሌላው ልብስ ማስመጣት ጀመረ። እኔ ድሮ ለፍቅሬ ስል የምሰበስበውን ነገር ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። የወር ወጪዬን ይሸፍናል ብዬ ግን አልዋሽም። አንዳንድ ወር ምንም አይገባም። አንዳንድ ወር አንድ ሽያጭ ብቻውን ከደመወዜ ይበልጣል። በዚህ ገቢ ኪራይ ልክፈል የሚል ሰው ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ ደግሞ ዕቃውን በማይገባው ዋጋ ይለቀዋል። እኔ ያስቻለኝ ደመወዝ መኖሩ ነው። ደመወዙ ምግቤን ሲችል፣ ሳንቲሙ ሳጥን ውስጥ ገዢውን ይጠብቃል።

አሁን ወደ ዕቃው።

በእኛ አገር አሮጌ ገንዘብ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ጠገራ ነው። ማርትሬዛ የምንለው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ትልቁ የብር ገንዘብ። ንግሥቲቱ የሞተችው በአውሮፓውያን 1780 ነው። ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው ሁሉ፣ መቼም ይቀረጽ መቼ፣ ያንኑ 1780 ይዞ ይወጣል። ቪየና ተቀርጿል። ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ ሳይቀር ተቀርጿል። ጣልያን እንደ አውሮፓ በ1935 አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ የመቅረጫውን ሻጋታ ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ አሠራችው፤ እዚህ ያለው ገበሬና ነጋዴ የሚያምነው ያንን ብር ነዋ። ከዚያ በፊት የራሷን ተመሳሳይ ብር አውጥታ ሞክራ ገበያው አልቀበልም ብሏታል። ቪየና እስከ ዛሬም ትቀርጸዋለች።

ስለዚህ አንድ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ልኮ "እህቴ፣ የ240 ዓመት ሳንቲም አለኝ፣ ስንት ሚሊዮን ያወጣል?" ሲለኝ አዝናለሁ። የሆነ ቦታ "ይህን ሳንቲም የያዘ ሚሊየነር ሆነ" የሚል ነገር አይቷል። ልጁ ሥራ የለውም፤ አያቱ የሰጡት አንድ ጠገራ አለው፤ ተስፋውን ሁሉ እዚያ ላይ ጥሏል። እውነቱን መናገር አለብኝ። 1780 ማለት የዚያ ዘመን ነው ማለት አይደለም። አብዛኛው ጠገራ የሚሸጠው በብርነቱ ነው። 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ሲሰላ 23.4 ግራም ብር ይወጣዋል። የዕለቱን የብር ዋጋ በዚህ ማባዛት ነው። ከዚያ በታች ማንም አይገባም። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ዕቃው ከየት እንደመጣ፣ በምን ሁኔታ እንዳለና ማን እንደሚፈልገው ታይቶ ነው።

ይህን ስሌት ለሻጩ እኔው ራሴ አሠራለታለሁ። ስልኩ ላይ ያለውን ካልኩሌተር አውጥቶ ራሱ እንዲያባዛ። አንዳንድ ነጋዴ ጓደኛዬ "ታዲያ አንቺ ምን ይቀርሻል?" ይለኛል። የሚቀረኝ ሌላ ቦታ ነው።

ወደ ምኒልክ ብር ልለፍ። የምኒልክ ብር በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ተቀርጾ ሲመጣ ክብደቱም ስፋቱም ሆን ተብሎ ከጠገራው ጋር የተቀራረበ ነው፤ ሰው የለመደውን ብር ተክቶ እንዲገባ ታስቦ። ሙሉው ብር አለ፣ ግማሹ አላድ አለ፣ ሩቡ፣ ተሙኑ፣ ገርሹ፣ መዳቡ ቤሳ አለ። በአንድ በኩል ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ሰንደቁን የያዘው አንበሳ። ዘመኑ በግዕዝ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ፲፰፻፹፯። አንበሳው በአንዳንዱ ሳንቲም ግራ እግሩን፣ በአንዳንዱ ቀኝ እግሩን ያነሳል፤ ሰብሳቢ ይህን ለይቶ ነው የሚገዛው። ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ሁለቱንም "የምኒልክ ሳንቲም" ብሎ ያልፋል።

እኔ በጣም የምወደው ግን ጠርዙን ነው። ሙሉውን ብር በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ብታዞሩት "ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር" የሚለውን ዙሪያውን ታነባላችሁ። ፊደሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ብዙ እጅ ያለፈበት ላይ በጣት ይዳሰሳሉ እንጂ በዓይን አይለዩም። አስመስሎ የሚሠራ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ጋ ነው። ፊቱን አሳምሮ ያወጣል፤ ጠርዙ ላይ ወይ ጽሑፍ የለም፣ ወይ በሻጋታ ስለፈሰሰ መካከሉ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ይታያል። ሐሰተኛ የምኒልክ ብር ገበያ ውስጥ ሞልቷል። ለቱሪስት መታሰቢያ ተብሎ የተሠራው እጅ በእጅ ሲተላለፍ ውሎ "የአያቴ ነው" ተብሎ ይመጣል። የሚያመጣው ሰውም እንደዚያው አምኖ ነው። ትንሿን ሚዛን አውጥቼ እመዝናለሁ። ማግኔት አስጠጋለሁ። ከዚያ ጠርዙን አያለሁ። ሦስቱን ያለፈ ካለ ነው ስለ ዋጋ የምናወራው።

አንዲት እናት ላንሳ። በጓደኛዬ በኩል ነው የመጡት። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ያመጡትን ፈተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። አዲስ ሳህን ይመስላል። "በሎሚና በአመድ ፈትጌ ነው ያመጣሁት ልጄ፣ ለሰው የሚታይ ነገር ቆሽሾ አይወጣም" አሉኝ።

ይህን ስሰማ ምን ልበል? ብር ዘመን ሲቆይበት ጥቁር፣ ግራጫ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ የሚመስል ገጽ ያበጃል። ሰብሳቢ የሚወደው ያንን ገጽ ነው። እድሜው የሚነበበው እዚያ ላይ ነው። ተፈትጎ የወጣ ሳንቲም በአጉሊ መነጽር ሲታይ መላ ፊቱ ተጭሯል፤ ዋጋው ወደ ብርነቱ ይወርዳል። ግን እኚህ እናት ያደረጉት እንግዳ የሚያከብር ቤት የሚያደርገውን ነው። "አይ እማማ፣ አበላሽተውታል" አይባልም። ቢባልስ ምን ይጠቅማል? "ሌላ ካለ እንዳለ ያምጡልኝ፣ አቧራውም ይሁን፣ እኔው ነኝ የማየው" አልኳቸው።

አብዛኞቹ ጠገራዎች ነበሩ። ሁለቱ ላይ ለአንገት ጌጥ የሚሆን ማንጠልጠያ ተበይዶባቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ግን የምኒልክ ብር ነው። ከዚያ በፊት ወርቅ ቤት ሄደው ወርቅ ሠሪው ሁሉንም ባንድ ላይ በኪሎ ሒሳብ ልግዛ ብሏቸው ነበር። ወርቅ ሠሪው አላጭበረበራቸውም፤ እሱ የሚገዛው ለማቅለጥ ነው፣ ለእሱ ብር ብር ነው። ሳይሸጡ የተመለሱት ልባቸው አልፈቅድ ብሎ ነው።

አንዱን ለይቼ አወጣሁትና "ይሄኛው ከሌሎቹ ጋር አይሸጥም" አልኳቸው። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ጽሑፉን አነበብኩላቸው። ሲያነቡልኝ የነበረው ግን እሳቸው ሆነው ተገኙ፤ ግዕዙን ከቤተ ክርስቲያን በቃላቸው ያውቁታል፣ እኔ "ታበጽሕ" ስል እሳቸው ጨረሱልኝ። ከዚያ ዝም ብለው ሳንቲሙን ሲያገላብጡት ቆዩ።

"ታዲያ አንቺ በምኑ ትጠቀሚያለሽ?" አሉኝ መጨረሻ ላይ። አሠራሬን ነገርኳቸው። በአደራ እወስደዋለሁ። ወረቀት ጽፌ ፎቶውንና ክብደቱን አስፍሬ እፈርማለሁ። ገዢ ስናገኝ የተሸጠበትን ዋጋ ከነማስረጃው አሳያቸዋለሁ፤ ከአምስት እጅ አንዱ የእኔ፣ አራቱ የእሳቸው። ካልተሸጠ እንዳለ እመልሳለሁ። ማንጠልጠያ ያላቸውን ሁለቱን ደግሞ እንዳይሸጡ መከርኳቸው። ሰብሳቢ ብየዳ ያለበትን አይፈልግም፤ ወርቅ ቤት ቢገባ ይቀልጣል። ለልጅ ልጅ አንገት ግን ከዚያ የሚሻል ጌጥ የለም።

የምኒልኩ ብር ተሸጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ልነግራችሁ የምፈልገው። እኚያ እናት እህታቸውን ላኩ። እህታቸው የዕድር ጓደኛቸውን ላኩ። የዕድር ጓደኛቸው ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ አንድ ሙሉ ካርቶን ቴምብር ይዘው መጡ። በገበያ ውስጥ ዞሬ ላገኘው የማልችለው ዕቃ ነው። በዚህ ሥራ ገዢ ማግኘት ከባድ አይደለም። ከባዱ ጥሩ ዕቃ ማግኘት ነው። ጥሩ ዕቃ ደግሞ ያለው ሰው ቤት ነው፤ ሳጥን ውስጥ፣ ፍራሽ ሥር፣ መጽሐፍ ቅዱስ ገጾች መካከል። ሰው ያንን የሚያወጣው ለሚያምነው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ብልጥ ሆኜ በርካሽ ብገዛ ኖሮ ያ መንገድ እዚያው ይዘጋ ነበር።

የቴምብሩ ካርቶን ሌላ ዓለም ከፈተልኝ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በአውሮፓውያን 1894 ፓሪስ የታተሙ ናቸው። ሰባት ናቸው፤ በአራቱ ላይ ምኒልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳው አለ። ሰው ስለእነዚህ ሲሰማ "በቃ ውድ ነው" ብሎ ያስባል። ያልተጠቀሙባቸው ግን ያን ያህል ውድ አይደሉም፤ ገና ከመጀመሪያው ለአውሮፓ ሰብሳቢዎች ብዙ ተሽጠዋል። ውዱ በእውነት ተለጥፎ የተጓዘው ነው። ማኅተም የተመታበት፣ ከነፖስታው ያለው። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የፖስታ ኅብረት የተቀላቀለችው እንደ አውሮፓ በ1908 ነው። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ በእኛ ቴምብር ብቻ አይደርስም፤ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳይ ቴምብር ጎኑ ላይ ይለጠፍበታል። የሁለት አገር ቴምብርና ማኅተም ጎን ለጎን ያለበት አንድ ፖስታ ስታገኙ የደብዳቤውን ጉዞ በሙሉ ከፊቱ ላይ ታነቡታላችሁ።

እንግዲህ መምህሩ ያመጡት ካርቶን ውስጥ ምን ነበር? በመቀስ የተቆረጡ ቴምብሮች። በልጅነታቸው የትምህርት ቤት የቴምብር ክበብ ውስጥ ነበሩ፤ ሁሉም ልጅ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ፖስታው ይጣላል፣ ቴምብሩ በውሃ ይነከራል፣ ይላቀቃል፣ አልበም ውስጥ ይገባል። ቴምብሮቹ ቆንጆ ነበሩ። የንጉሡ ዘመን የአበባ፣ የአእዋፍ፣ የአየር መንገድ ቴምብሮች። ዋጋቸው ግን ጥቂት ነው። ከካርቶኑ ሥር ለአልበም ያልተመቹ ተብለው የተተዉ ሳይቆረጡ የቀሩ ፖስታዎች ነበሩ። ከእነዚያ የተገኘው ገንዘብ ከአልበሙ በሙሉ በለጠ። ጋሼ ሲሰሙት በጣም ተገረሙ። አልበሙን መልሰው ወሰዱት፤ "ይሄ ለእኔ ይሁን" አሉ። ትክክል ናቸው። እሱ የሳቸው የልጅነት ሥራ ነው፤ ገበያ ላይ ከሚያወጣው በላይ እቤታቸው ያወጣል።

የብር ኖት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ራሱን የቻለ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሁለት ነገር ብቻ። የንጉሡ ዘመን ኖቶች በአማርኛ "ብር"፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ "ዶላር" ይላሉ። በ1966 እንደ አውሮፓ የወጣው አምስት ብር ላይ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ ሃምሳው ላይ የቆቃ ግድብ። እነዚህን የሚፈልጉት ብዙዎቹ ከዋሽንግተንና ከአካባቢው ለእረፍት የሚመጡ ልጆች ናቸው። አባታቸው የወጣበትን ዘመን ገንዘብ በፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉ። ለእነሱ ያልታጠፈውን እፈልጋለሁ። መሃሉ ላይ አንድ እጥፋት ያለበትና የሌለበት በዋጋ አይገናኙም። ፕላስተር የተለጠፈበት ካለ ጨርሶ አልወስድም።

ሌላው ነገር፣ የተሻረ ሁሉ ብርቅ አይደለም። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ ኖቶች ከነ200 ብሩ ሲወጡ ብዙ ሰው የድሮውን 100 ብር "ነገ ይወደዳል" ብሎ አስቀመጠ። እንደዚያ ያስቀመጠው ሰው ብዛት ራሱ ነው ዋጋውን የገደለው። ሁሉም ቤት ያለ ነገር ብርቅ ሊሆን አይችልም።

በተቃራኒው የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ሰው ወረቀት ገንዘብ አይለምድም ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ስለዚህ ሃምሳ ሳንቲሙ ከእውነተኛ ብር ተሠራ። ብረቱን በጦርነቱ ጊዜ የእርዳታ ብድር ያበደረችው አሜሪካ ናት። ያ ሃምሳ ሳንቲም፣ እናቶቻችን ሽልንግ የሚሉት፣ እስከ ዛሬ በየቤቱ ይገኛል። ከእሱ ጋር የወጣው ሃያ አምስት ሳንቲም መዳብ ሲሆን መጀመሪያ ድፍን ክብ ነበር። መጠኑ ከሃምሳው ስለተቀራረበ አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ በሃምሳ ማሳለፍ ጀመሩ። መንግሥት ጠርዙን እንደ አበባ ቅጠል አስጠረበው። ዛሬ ጠርዙ ያልተጠረበው ክቡ ስሙኒ ሰብሳቢ የሚፈልገው ብርቅ ነገር ነው። ሁለቱም ላይ የተጻፈው ዘመን 1936 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የተቀረጹትም 1936 ነው የሚሉት። ዘመኑን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ይህንን አያገኘውም። ቅርጹን ያየ ያገኘዋል።

የማልነካው ነገርም አለ፤ ስለዚህ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ።

የአክሱም ሳንቲም አልገዛም። ይመጣል። ዝናብ ሲዘንብ በትግራይ ማሳ ላይ ከአፈሩ ይወጣል፤ ትንንሽ የነሐስ፣ አልፎ አልፎ የብር፣ ከስንት አንዴ የወርቅ። ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ባሠራቸው ሳንቲሞች ላይ መስቀል አለ፤ በዓለም መስቀልን መጀመሪያ ገንዘባቸው ላይ ካኖሩት መካከል እኛ ነን። እንዲህ ያለ ነገር የአንድ ሰው ሳጥን ንብረት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በዋዛ አያይም፤ ያገኘ ሰው ማስታወቅ አለበት፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ደግሞ ወንጀል ነው። ግን ሕጉ ባይኖርም አልገዛውም። ሳንቲሙ ከተገኘበት ማሳ ሲለይ ለታሪክ አጥኚው የሚናገረው ነገር ግማሹ ይጠፋል። የት ቦታ፣ ከምን ጋር፣ በምን ጥልቀት? ያ ሁሉ እኔ ኪስ ውስጥ ሲገባ ያበቃል።

የብራና መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀል፣ ታቦት የተነካካ ነገር እንዲሁ። ሻጩ "የቤተሰብ ነው" ቢለኝም አልነካም። እንደ አውሮፓ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው ንብረት በአውሮፓ ሰብሳቢዎችና ጨረታ ቤቶች እጅ ሲዞር ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። እንደ አውሮፓ በ2021 እንግሊዝ አገር ለጨረታ ሊቀርብ የነበረ የመቅደላ ዕቃ ከጨረታው ወጥቶ፣ በበጎ አድራጊ ተገዝቶ ለኢትዮጵያ ተመልሷል። እነዚያን ዕቃዎች ሲሸጡና ሲገዙ የኖሩት ሰዎች ሁሉ ሌባ አልነበሩም። አብዛኞቹ እንደ እኔ ሰብሳቢ ነን ባዮች ነበሩ። "ከየት መጣ?" ብሎ መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው። ላለመጠየቅ የሚከፈል ገንዘብ በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ነው፤ እኔ አልፈልገውም።

ስለ ሽያጩ ትንሽ። አብዛኛው ነገር የሚሸጠው ቴሌግራም ላይ ነው። ቻናሎቹን ብታዩ ፎቶ ይለጠፋል፣ ሥሩ ላይ "ዋጋ በውስጥ መስመር" ይባላል። እኔ ዋጋውን ፊት ለፊት እጽፋለሁ። ግራና ቀኙን፣ ጠርዙንም ፎቶ አነሳለሁ። ጉድለት ካለ በቅድሚያ እሱን እጽፋለሁ፤ "የተወለወለ ነው"፣ "ጫፉ ላይ ጭረት አለ"። ውድ የሆነ ነገር ስረከብም ሳስረክብም ባንክ ውስጥ ተቀምጠን ነው፤ ገንዘቡ እዚያው ይገባል፣ ሁለታችንም በሰላም እንሄዳለን። መንገድ ዳር ካፌ ላይ ጠገራ ዘርግቶ መደራደር ለማንም አይበጅም። ለእያንዳንዱ ዕቃ ከማን እንደመጣ፣ ሻጩ ስለሱ ያወራውን ሁሉ ደብተር ላይ እይዛለሁ። ገዢው ሲጠይቀኝ የሻጩን ስም ሳልጠቅስ ታሪኩን እሰጠዋለሁ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ታሪኩ ከዕቃው ጋር አብሮ ሲሄድ ሰው ከልቡ ይከፍላል፤ ከልቡም ይጠብቀዋል።

አሁን ገንዘቤን የማስተኛበት ነገር ሌላ ነው። የደርግ ዘመን ደብዳቤዎች። ፖስታዎቹን ማለቴ ነው። በዚያ ዘመን ስንት ልጅ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ሄደ። ኩባ ብቻ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ተወስደው ደሴቷ ላይ ተምረዋል፤ ብዙዎቹ አባታቸው ጦርነት ላይ የቀረባቸው ናቸው። እነዚያ ልጆች ለእናታቸው ይጽፉ ነበር። ፖስታዎቹ ላይ የኩባ ቴምብር አለ፣ የአዲስ አበባ መድረሻ ማኅተም አለ፣ በልጅ እጅ የተጻፈ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አለ። ዛሬ ማንም አይፈልጋቸውም። ርካሽ ናቸው። ቤት ሲፈርስ፣ ሰው ኮንዶሚኒየም ሲገባ፣ በመጀመሪያ የሚጣለው ያ ካርቶን ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ስለሌለ እንደዚያ ያለ ነገር ከእንግዲህ አይሠራም፤ ያለው ነው ያለው። እኔ እነዚህ ፖስታዎች ወደፊት በጣም ይፈለጋሉ ብዬ አምናለሁ። ባይፈለጉም ማቆየቴ አይጸጽተኝም።

አንድ ደንብ አለኝ። ደብዳቤውን አልገዛም። ሰው ሲያመጣልኝ እዚያው አብረን ቁጭ ብለን ወረቀቱን ከፖስታው እናወጣለን። ልጁ ለእናቱ የጻፈው ለቤተሰቡ ይቀራል፤ እኔ የምወስደው ቴምብርና ማኅተም ያለበትን ሽፋን ነው። አንዳንዱ ሲያወጣ ማንበብ ይጀምራል። ያን ቀን ሽያጭ አይኖርም፤ ካርቶኑን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይመለስ። ቤታችሁ እንደዚያ ያለ ካርቶን ካለ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ለእኔም ሆነ ለሌላ ሰው ሳታሳዩ አትጣሉት፤ ቴምብሩንም በመቀስ አትቁረጡት።